ብቻውን የበላ ያልፋል

ነገራ ኢጄታን የማያውቅ የአምቦ ሰው ካለ፣ ፍል ውኃው አጠገብ ካለው ሆቴል ገብቶ አንድም ቀን ሻይ ያላዘዘ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ሆቴል ጥቁር ጢም ይዞ ገብቶ ሽበት እስኪያወጣ አስተናግዷል። ሾርባ እስከ አፉ የሞላ ሳህን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ ጠብታ አትወርድም፤ ነጭ ኮቱ በጥምቀት ማግስት እንኳ ነጭ ነው፤ ግራ ክንዱ ላይ የምትንጠለጠለው ፎጣ ደግሞ እዚያው የበቀለች ትመስላለች። የጠጅ ቤት ቀልደኞች «ነገራ ሲሞት ፎጣዋን ከክንዱ የሚያላቅቅ ሐኪም ከአዲስ አበባ ይመጣል» ይሉ ነበር።

ይህ የደጁ ነገራ ነው። የቤቱ ነገራ ሌላ ነው። ሚስቱ ጉዴ በአንድ ክረምት ታማ ስትሞትበት ሸዋነሽ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ትታለት ሄደች። ዘመድ «አግባ» አለው፤ ጎረቤት «አግባ» አለው፤ የንስሐ አባቱ ሳይቀሩ «አግባ» አሉት። እሱ «እሺ፣ እሺ» እያለ ሳያገባ ቀረ። የሆቴሉ ምሳ የሚያበቃው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ዘጠኝ ሲል ፎጣዋን አጣጥፎ ቁልቁል ወደ ቤቱ ይሮጣል። ሸዋነሽ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ጎረቤት የምትጋግርላቸውን እንጀራ በትሪው ላይ ዘርግታ፣ በሰፌድ ከድና፣ ሆዷ እየጮኸ ትጠብቀዋለች።

«እስካሁን ሳትበዪ?» ይላታል በየቀኑ።

«ከማን ጋር ልብላ?» ትለዋለች በየቀኑ።

ከዚያ ትሪውን መሐል አድርገው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ የእሷ፣ ሁለተኛዋ የእሱ። እንዲህ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት በሉ። ነገራ በዚህ ዓለም ላይ ሀብት ነበረው ከተባለ ያቺ የዘጠኝ ሰዓት ምሳ ናት። ያጠፋትም ራሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ከሶሻሊስት አገሮች ጋር ወዳጅነቱ የሞቀበት፣ ወጣቱ ትራክተር ጥገና፣ ሕክምና፣ ኬሚስትሪ ሊማር ባሕር ማዶ የሚላክበት ጊዜ ነበር። በከተማው የሚላኩትን የሚመርጥ አምስት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ነገራም የሆቴል ሠራተኞችን ወክሎ ገባ። ሰብሳቢው ጓድ ጉርሙ ይባላል። ካኪ ለባሽ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰኪ፣ «ጥራት» የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ እያላመጠ የሚናገር ሰው ነው።

ታዲያ በመጀመሪያው ዙር ከላኳቸው አራት ልጆች አንዱ፣ ዓብዲሳ የሚባለው የእጃጂ ልጅ፣ በአምስት ወሩ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ተመለሰ። ተከትሎትም ከበላይ ደብዳቤ መጣ፤ «ጥራት የጎደለው ሰው ልካችኋልና በአስቸኳይ የጥራት መመዘኛ አውጥታችሁ አሳውቁ» የሚል። ጓድ ጉርሙ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም ተባለ። ዓብዲሳን አስጠርተው ጠየቁት።

«ብርዱ ነው?» አለው ጉርሙ።

«ለብርዱማ ካፖርት ሰጥተውናል።»

«ቋንቋው ነው?»

«ቋንቋውን ትራክተሩ ራሱ ያስተምራል፣ ጓድ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ሴት ናፍቆህ ነው?»

ዓብዲሳ ቆቡን በእጁ አሽከረከረ። በኋላ ቀና ሳይል «እንብላ የሚል የለም» አለ።

«ምን?»

«እዚያ ምግብ ቤት ስድስት መቶ ሰው ይበላል። ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ። እኔ እንብላ እላለሁ፤ ያዩኛል፣ ይስቃሉ፣ ተመልሰው አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያ በኋላ ምግቡ አልወርድ አለኝ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ኮሚቴው በሳቅ ፈረሰ። «በመንግሥት አውሮፕላን ሄዶ፣ እንብላ የሚለው አጥቶ ተመለሰ!» እያሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። ነገራ ብቻ አልሳቀም። ስንት ዓመት ሙሉ ለመታጠብ የሚመጡ ፈረንጆች ጥግ ይዘው ብቻቸውን ሲበሉ ቆሞ አይቷል። እኛ አገር ሰው ቆሞ ሲያይህ «እንብላ» ሳትል ብትጎርስ ያንቅሃል፤ እነሱ ግን ዓይናቸውን ከሳህናቸው ሳይነቅሉ ጠግበው ይነሣሉ። ዓብዲሳን ያጠፋው ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው የገባው ለአስተናጋጁ ነበር።

«ጓድ ሰብሳቢ፣» አለ፣ «ውጤትም ይታይ፣ ጤናም ይታይ። ግን እዚያ አገር የሚዘልቀው ብቻውን መብላት የሚችል ነው። ፈተናውን ለእኔ ስጡኝ።»

የነገራ መመዘኛ የመጣችው እንዲህ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ «ራስን የመቻል መመዘኛ» ተብላ ሰፈረች። የከተማው ሰው ግን «የነገራ ሳህን» አላት። ፈተናው ምንጊዜም ማክሰኞ ነው፣ ማንም በጾም እንዳያመካኝ። ምግቡ ድንችና እንቁላል ነው፣ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንዲሆን። ተፈታኙን ከሆቴሉ ትንሿ ክፍል ብቻውን ያስቀምጡታል፤ «ምሳህን ብላ፣ ቃለ መጠይቁ በኋላ ነው» ይሉታል። ፈተናው ምሳው ራሱ መሆኑን አያውቅም። መብላት ሲጀምር ነገራ ፎጣውን በክንዱ አድርጎ ይገባና ከፊቱ ይቆማል፤ ዝም ብሎ ይቆማል። ልጁ ቀና ብሎ «እንብላ» ካለ ወደቀ። አንገቱን ደፍቶ ሳህኑን ከጨረሰ አለፈ።

እንዴት ያለ ነገር ነው! ለአራት ዓመት በዚህ ሳህን ካለፉት ልጆች አንድም ሳይጨርስ የተመለሰ የለም። ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ጓድ ጉርሙ በመስታወት አድርጎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ነገራም ኮራ፤ ለምን ይዋሻል፣ ኮራ።

ያልወደደለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወዳጁ አብዱልፈታህ። ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ ገበያው አፋፍ ላይ ሱቅ የከፈተ፣ ነገራ ጠዋት ጠዋት ሻይ በዳቦ የሚቀምስበት ሰው ነው።

«ነገራ፣» ይለዋል ዳቦውን ለሁለት እየገመሰ፣ «አባቶቻችን ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ነበር ያሉት። አንተ ደግሞ ብቻውን የበላ ያልፋል አልክ! ይኸ ማርክስ ነው ወይስ ከራስህ ነው?»

«ለልጆቹ ብዬ ነው እኮ።»

«ወላሂ፣ የእኛን ልጆች አጥበህ አጥበህ ፈረንጅ አድርገህ ትልካለህ። ሲመለሱ ደግሞ ማን ያቆሽሽልሃል?»

ነገራ ሳቀ። በሰባ አምስት ግን ሳቁ ቀረ። በዚያ ዓመት የተፈቀደው አንድ ቦታ ነው፤ ኬሚስትሪ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ካርኮቭ፣ ስድስት ዓመት። ተፎካካሪዎቹ ሁለት ሆኑ። አንደኛው ከደጋው፣ ጎጆ ከምትባል ከተማ የመጣ ኩምሳ የሚባል ልጅ ነው፤ በአውራጃው ውጤቱን የሚደርስበት አልተገኘም። ሁለተኛዋ በጥቂት ነጥብ የምትከተለው ሸዋነሽ ነገራ ናት።

ነገራ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንቡን አፈረሰ። ለልጁ ነገራት። ነግሮ ብቻ መች ተወ፤ አለማመዳት። ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው በዘጠኝ ሰዓቷ ምሳ ትሪውን አነሣና ከሆቴሉ ያመጣውን ሳህን አስቀመጠላት። እሱ ፎጣውን ይዞ ከፊቷ ቆመ።

«ብዪ።»

ሸዋነሽ ሳቀች። «እንብላ፣ አባዬ!»

«ወደቅሽ!»

በማግሥቱ አልሳቀችም፤ ግን ሁለት ጎርሳ ቀና አለች። «አባዬ፣ አንተ ቆመህ እንዴት ይውረድልኝ?»

«ወደቅሽ። ሳህኑ ዳር ላይ ያሉትን አበቦች ቁጠሪ። ሌላ ነገር አትዪ።»

በሦስተኛው ሳምንት ሳህኑን ገፍታ አለቀሰች። «አልሄድም! እዚሁ አምቦ ጨርቃ ጨርቅ እሸጣለሁ!» አለች። ነገራ ግን የዓብዲሳ አጥንት ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ልጄ ጉሮሮዋ ተዘግቶ በሰው አገር እንዳትቀር ብሎ ፎጣውን አጠበቀ። በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ እሑድ፣ ሸዋነሽ ድንቹን ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች፤ አሥራ አራቱን አበቦች ቆጠረች፤ ሳህኑን ባዶ አድርጋ አፏን ጠረገች። ነገራ ዳር እስከ ዳር እዚያው ቆሞ ነበር። አንድም ጊዜ አላየችውም።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ጎበዝ» አለና ወደ ጓሮ ወጣ። ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ ብዙ ቆየ።

የፈተናው ማክሰኞ ደረሰ። ቀድሞ የገባው ኩምሳ ነው። የአባቱን ኮት ለብሶ፣ እጅጌው እስከ ጣቱ ወርዶ፣ የጎጆ መንገድ ጭቃ ከጫማው ሳይለቅ ተቀመጠ። በረሃብ ቆይቶ ነበርና ድንቹን ገና ሲያይ ዓይኑ በራ። አማተበ፣ አንዴ ጎረሰ። ነገራ ገብቶ ቆመ። ልጁ ወዲያው እጁን ከሳህኑ አነሣ።

«ኮቱ ኛዹ፣ ኦቦ» አለ። ይህ ሽበታም ሰውዬ ኦሮምኛ አይሰማ ይሆናል ብሎ ደግሞ በአማርኛ ጨመረበት፤ «እንብላ፣ ጋሼ።» ሳህኑንም ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ አደረገው፤ ትልቁን እንቁላል ወደ ነገራ በኩል አዞረለት።

«ብላ፣ ጠግቤያለሁ» አለ ነገራ፣ እንደ ወጉ።

«አይሆንም፤ አንዴ እንኳ ይቅመሱ።»

ነገራ ከክፍሉ ወጣ፤ መዝገቡን ገለጠ፤ «አላለፈም» ብሎ ጻፈ። ሰዓቱን ጠብቆ ሸዋነሽ ገባች። ማንም አድልዎ አለ እንዳይል እንደ ኩምሳ ሁሉ ለእሷም ራሱ ቆመ። አሥራ አራት አበቦች። «አልፋለች።»

አውቶቡስ ተራ ሲሸኛት ከተማው በሙሉ ነበረ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አንገቷን በመስኮት አወጣች፤ ነገራም ጆሮዋ ሥር ገብቶ «እዚያ እንዲህ ሁኚ። ስትመለሺ ግን ይኸን ነገር ትረሺዋለሽ፣ እሺ ኢንተላ ኮ? ልጄ?» አላት።

«ከደጃፋችን ላይ አራግፌው ነው የምገባው» አለችና በእንባዋ መሐል ሳቀች። «አባዬ፣ ትሪውን አትሽጥብኝ!»

ትሪውን አልሸጠም። ወልውሎ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በቤቱ ተቀምጦ መብላት አቃተው። ሞከረ፤ ሳህን አስቀመጠ፣ ወንበር ሳበ፣ ጎረሰ፤ አልወርድ አለው። ሰውን ሁሉ የፈተነበትን ፈተና እሱ ራሱ ወደቀ። ስለዚህ ምሳውን ሆቴሉ ወጥ ቤት ቆሞ፣ ከወጥ ቤቶቹ ጋር እየተሻማ ይበላ ጀመር።

ደብዳቤዎቿ መጡ። በመጀመሪያው «አባዬ፣ እንብላ ባልኩ ቁጥር የክፍሌ ልጆች ይስቃሉ። እንዳስተማርከኝ የሳህኑን አበባ ልቆጥር ብል የእነሱ ሳህን አበባ የለውም። አለቀስኩ። ግን በልቻለሁ» ይላል። በሁለተኛው ዓመት «አሁን ለምዶልኛል» አለች። በሦስተኛው ዓመት እንዲህ ጻፈች፤ «አንድ ሐበሻ ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ እንብላ ሲለን ሁላችንም ደነገጥን። ረስቼው ነበር፣ አባዬ! ደስ አይልም? አንተ ባታለማምደኝ እንደ ዓብዲሳ ታምሜ ነበር።»

ነገራ ደብዳቤውን ይዞ ወደ አብዱልፈታህ ሱቅ በረረ። አነበበለት። አብዱልፈታህ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ።

«ነገራ፣ ይኸ ደስ የሚል ደብዳቤ መስሎህ ነው ያመጣህልኝ?»

ነገራ ደብዳቤውን አጣጠፈ። ዳቦውም ሳይገመስ ሻዩ በረደ።

በአራተኛው ዓመት ጊንጪ ዘመድ ሞቶበት ለቅሶ ደረሰ። ሲመለስ መኪና ቢያጣ በጭልሞ ደን ዳር በእግሩ ሲሄድ፣ ከአንድ ችግኝ ጣቢያ አጥር ውስጥ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ሠራተኞች አየ። መሐላቸው በሶ ተጨብጧል። አንዱ ገና ከሩቅ ብድግ ብሎ ተጣራ።

«ኦቦ! መንገደኛው! ኮቱ፣ እንብላ!»

ኩምሳ ነበር። ጺም አብቅሏል፤ የአባቱ ኮት አሁን ልኩ ሆኗል። ነገራን ለየውና የበለጠ ደስ አለው፤ «የሆቴሉ ጋሼ አይደሉም? ያኔ ሳይቀምሱልኝ የቀሩት?» እያለ አጠገቡ አስቀመጠው። በሶው ከጎጆ የመጣ የገብስ በሶ ነው። ነገራ ጎረሰ፤ ወረደለት። ከአራት ዓመት በኋላ ተቀምጦ የበላው የመጀመሪያው ምሳ ነውና እንባው መጣ።

ሠራተኞቹ ወደ ሥራ ሲነሡ ነገራ ኩምሳን ያዝ አድርጎ አስቀረው።

«ኩምሳ፣ ያኔ ለምን እንደወደቅህ ታውቃለህ?»

«ቃለ መጠይቁ ሳይደረግልኝ ነው የመለሱኝ። ሰው አለበት ብዬ ተውኩት።»

«ፈተናው ምሳው ነበር። እንብላ ያለ ይወድቃል። እንብላ ስላልከኝ ነው የጣልኩህ።» ቀጠለና የባሰውን አወጣው፤ «ልጄን ግን ሁለት ወር አለማምጄያት ነበር። አንተ በቅንነትህ ወደቅህ፣ እሷ በትምህርቴ አለፈች።»

ኩምሳ አጠገቡ ያለችውን ችግኝ አፈር በጣቱ ጫነ። ይሰድበኛል ብሎ ነገራ ጠበቀ፤ ቢሰድበውም በወደደ። ልጁ ግን ግራ ገብቶት ቀና አለ።

«ታዲያ ምን ልበል ኖሯል፣ ጋሼ? ቆመው ነበር እኮ።»

ይኸ ብቻ ነው ያለው። ነገራ ያቺን ቃል እስከ አምቦ ድረስ እንደ ጠጠር በጫማው ይዞ ሄደ። በማግሥቱ ጓድ ጉርሙ ዘንድ ገብቶ «መመዘኛዋ ትሰረዝ» አለ።

«ምን ነካህ፣ ጓድ ነገራ? በጥራት የታወቅነው በእሷ አይደለም እንዴ?» አለ ጉርሙ፣ በመስታወት ያለውን ደብዳቤ እያሳየ።

«የምንልከው ተመልሶ ሰው የሚሆነንን ነው ብዬ ነበር። አሁን እንጃ።»

አልተሰረዘችም። ነገራ ከኮሚቴው ወጣ፤ ከተፈታኞቹ ፊት የሚቆም ሌላ ፎጣ ያዥ ተተካ።

ሸዋነሽ በሰማንያ አንድ ክረምት ተመለሰች። ለጎበዝ ተማሪ ብቻ የሚሰጠውን ቀይ ዲፕሎማ ይዛ፣ ወፈር ብላ፣ ፀጉሯን አሳጥራ። አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ተመድባለች፤ ሥራ እስክትጀምር አንድ ሳምንት ከአባቷ ጋር ልትቆይ ነው። በግ ታረደ፤ ጎረቤት እልል አለ፤ ኦሮምኛዋም አማርኛዋም ወለም አላለም፤ ሁሉን በስሙ ጠራች። አብዱልፈታህን «ጋሼ፣ ዳቦው እንዴት ነው?» ስትለው ሽማግሌው ሳቀ፣ ዓይኑንም ጠረገ። ለአባቷ ያመጣችለት ስጦታ ሰማያዊ አበባ ያለባቸው ሁለት ነጭ ሳህኖች ናቸው።

«አንዱ ላንተ፣ አንዱ ለእኔ» አለች። ነገራ ሳማት።

ሁለት ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን እንግዳው ቀለለ። ነገራ ከሆቴሉ ፈቃድ ጠይቆ፣ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ቤቱ ቁልቁል ወረደ፤ ሽማግሌ ሆኖ እንኳ ሮጠ ማለት ይቻላል። ትሪውን ጠዋት ከግድግዳ አውርዶ፣ አጥቦ፣ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ነበር። ለእሷ የገዛትን አንድ ጠርሙስ አምቦ ውኃ በእጁ ይዟል።

በሩን ሲከፍት ሸዋነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ከፊቷ ሰማያዊ አበባው ሳህን፣ ከሳህኑ ጎን የተገለጠ መጽሐፍ። ትበላለች። በሹካዋ ትቆርሳለች፣ ትጎርሳለች፣ ታላምጣለች፣ ገጽ ትገልጣለች። ትሪው ተጠርጎ ወደ ጥግ ቆሟል።

ነገራ ቆመ። ጠርሙሱን በቀኝ እጁ፣ ግራ ክንዱን በልማዱ አጥፎ ቆመ። እግሩ ሲገባ ሰምታዋለች፤ ትከሻዋ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ አንገቷ ግን ቀና አላለም። አንድ ጎረሰች። ሁለት ጎረሰች። ሦስተኛውን ቆረሰች።

«ጠግቤያለሁ፣ ብዪ» አለ ነገራ።

«ምን አልክ፣ አባዬ?»

«ምንም።»

«ያንተን በሳህንህ አድርጌ ከድኜልሃለሁ» አለች፣ ደግ በሆነ ድምፅ፣ ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል።

ነገራ ጠርሙሱን ቀስ ብሎ አጠገቧ አስቀመጠ፤ ከሃያ ምናምን ዓመት ልማዱ ድምፅ አላሰማም። የተከደነችውን ሳህን አነሣ። ወደ ጓዳ ይዟት ገባና ቆሞ በላ።